ዳይሬክት ማድረግ ጥገና አይደለም

ጋራዥ ውስጥ «ዳይሬክት አደረግኩት» የሚለውን ያህል ባለመኪናን የሚያስደስት ቃል የለም። መኪናው እምቢ ብሎ ሦስት ቀን ቆሟል። መካኒኩ ሁለት ሽቦ ልጦ ያገናኛል፣ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይነሳል፣ ባለቤቱም አመስግኖ ከፍሎ ይሄዳል። ምን እንደተዘለለ የሚጠይቅ የለም። ዛሬ የምጽፈው ስለዚያች ሽቦ ነው። አውቶማቲክ ፒክአፓችሁን ወደ ማንዋል ያስቀየራችሁ ወይም ለማስቀየር ያሰባችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት። መኪና የሌላችሁም አንብቡት፤ ከቆመ መኪና ፊት ለፊት የሚያልፈው እግረኛ ነው።

ነገሩ ለምን አሁን? መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ በእጃችን ያለውን አሮጌ መኪና እየጠገንን መንዳት ግድ ሆኗል። አውቶማቲክ ካምቢዮ ሲበላሽ ደግሞ በደንብ ፈትቶ የሚገጥመው ባለሙያ ጥቂት፣ መለዋወጫውም ውድ ነው። ስለዚህ ሰው ሶማሌ ተራ ወርዶ ያገለገለ ማንዋል ካምቢዮ ከነፍሪሲዮኑ ገዝቶ ያስገጥማል። በዚህ ላይ ተቃውሞ የለኝም። ማንዋል ማንኛውም መካኒክ ያውቀዋል፣ ባትሪ ሲደክምም ተገፍቶ ይነሳል። ጸቤ ካምቢዮው ከገባ በኋላ ከሚሠራው ሥራ ጋር ነው።

ሁሉ ነገር ተገጥሞ ቁልፉ ሲዞር የዳሽቦርዱ መብራት ይበራል፣ ሞተሪኖው ግን ጭጭ። «ጠቅ» እንኳን አይልም። ያን ጊዜ ግምት ይጀመራል። «ሞተሪኖው ሞቷል» ይባልና ሌላ ይገዛል። እሱም ጭጭ። «ባትሪው ነው» ይባልና ባትሪ ይቀየራል። አሁንም ጭጭ። በቅርብ የማውቀው አንድ ባለፒክአፕ ሁለት ሞተሪኖ አስገዝተውት ሲያበቁ፣ አንድ ረዳት ልጅ ከሥር ገብቶ ሁለት ሽቦ አገናኝቶ «በቃ ጨርሻለሁ» አለው። ሁለቱም ሞተሪኖዎች ጤነኛ ነበሩ። ገንዘቡን የመለሰለት የለም።

ሞተሪኖ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከባትሪው በቀጥታ የሚመጣው ወፍራም ገመድ ሲሆን ሁልጊዜ ኃይል አለው። ሁለተኛው ከቁልፉ የሚነሳ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ሥራው ሶሌኖይዱን መቀስቀስ ብቻ ነው። በአውቶማቲክ መኪና ይህ ቀጭን መስመር ካምቢዮው ጎን ላይ፣ በአንዳንድ አሮጌ መኪኖች ደግሞ መሪው ዘንግ ላይ በተገጠመ ማብሪያ በኩል ያልፋል። ማብሪያው መስመሩን የሚያገናኘው ማርሹ ፓርክ ወይም ኒውትራል ላይ ሲሆን ብቻ ነው። አሮጌው ካምቢዮ ሲወርድ ማብሪያውም አብሮት ይወርዳል፣ ሶኬቱ ባዶውን ተንጠልጥሎ ይቀራል። ሞተሪኖውና ባትሪው ምንም አልሆኑም፤ ትእዛዙ አልደረሳቸውም።

ይህን ለማወቅ አንድ የመፈተሻ አምፖል ይበቃል። ማርሹ ኒውትራል ላይ ሆኖ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ አንድ ሰው ቁልፉን ማስነሻው ላይ ይያዝ፤ ሌላው አምፖሉን ሞተሪኖው ላይ ካለችው ትንሿ የሽቦ መያዣ ያስነካ። አምፖሉ ካልበራ ችግሩ ከሞተሪኖው በፊት ነው፤ ፊውዙን፣ ሪሌውን፣ የተንጠለጠለውን ሶኬት እዩ። አምፖሉ ደምቆ በርቶ ሞተሪኖው ዝም ካለ፣ ያን ጊዜ ስለ ሞተሪኖ፣ ስለ ወፍራሙ ገመድና ስለ ግራውንድ እናውራ። ድምፁም ራሱ ይናገራል፦ ፈጣን «ጠቅጠቅጠቅ» ብዙውን ጊዜ የደከመ ባትሪ ነው፣ አንድ ጠንካራ «ጠቅ» ብሎ ማቆም የላላ ወይም የዛገ ገመድ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ሊሆን ይችላል። ፍጹም ዝምታ ግን፣ በተለይ ካምቢዮ በተቀየረ ማግስት፣ መጀመሪያ ወደ ቀጭኑ መስመር ነው የሚጠቁመው።

ግራውንዱን ካነሳሁ አይቀር፣ ካምቢዮ ሲወርድ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያገናኘው የግራውንድ ገመድ ይፈታል፤ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ወይም ቀለም ላይ ይታሰራል። የሞተሪኖ ኃይል መመለሻ ሲያጣ በነዳጅ መስጫ ሽቦና በሌላ ቀጭን ብረት በኩል ይሄዳል፣ ያግለዋል፣ ሲብስም ያቃጥለዋል። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሞተሪኖው እየዞረ አንዱን የቴስተር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ ያዙ። ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ ግራውንዱ ችግር አለበት። በ12 ቮልት መኪና ባትሪው ራሱ ሞተሪኖው ሲዞር ከ9.6 ቮልት በታች ከወረደም ባትሪውን ጠርጥሩ። ቴስተር የሌለው ጋራዥ ሞተሪኖ ሊያስገዛችሁ መብት የለውም ባይ ነኝ።

አሁን ወደ ዋናው ጸብ። የተንጠለጠለው ሶኬት ላይ የማስነሻውን ሁለት ሽቦዎች ለይቶ ማገናኘት መኪናውን ያስነሳል፤ ይህ ነው ዳይሬክት። ትክክለኛው ሥራ ግን እነዚያኑ ሁለት ሽቦዎች አስረዝሞ ወደ ፍሪሲዮን ፔዳሉ መውሰድና ፔዳሉ እስከ ታች ሲረገጥ ብቻ የሚያገናኝ ማብሪያ ላይ ማሰር ነው። ከዚያው ሶኬት የኋላ ማርሽ መብራት ሽቦዎች ተለይተው ወደ አዲሱ ካምቢዮ ይሄዳሉ። ኮምፒውተር ባለው መኪና ደግሞ ኮምፒውተሩ የማርሹን ሁኔታ የሚያነብበት ሽቦ ስላለ እሱም መታየት አለበት። የሽቦውን ቀለም በግምት አትመኑ። በአሮጌ የጀኔራል ሞተርስ ፒክአፖች የማስነሻው ሽቦ ሐምራዊ ነው፤ በ1980ዎቹና በ90ዎቹ ፎርድ ኤፍ 150 ቀይ ሆኖ ቀለል ያለ ሰማያዊ መስመር አለው። አሜሪካ ሆናችሁ በግቢያችሁ የምትሠሩ ይህን ታውቁታላችሁ። ሌላው ላይ ቴስተር ይናገር።

«ድሮ ማንዋል ሁሉ ያለዚህ ማብሪያ ነበር፣ ማን ሞተ?» የሚል ይመጣል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። የአሜሪካ የፌዴራል የተሽከርካሪ ደህንነት ደረጃ ቁጥር 102፣ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ፣ ወደፊት ወይም ወደኋላ በሚያስኬድ ማርሽ ላይ ሞተሪኖው እንዳይሠራ የሚያስገድደው አውቶማቲክን ነው፤ ማንዋልን አይደለም። ሆኖም ፋብሪካዎቹ ሳይገደዱ ፍሪሲዮን ካልተረገጠ የማይነሳ ማንዋል መሥራት ለመዱ። ቶዮታ ለአንዳንድ ፒክአፖቹ መቆለፊያውን ለጊዜው የሚያነሳ ቁልፍ ዳሽቦርዱ ላይ አድርጓል፤ ድንጋይ መሃል ዳገት ላይ ሞተር ለጠፋበት ሰው። እዚያ ላይ ሹፌሩ አውቆ ይጫነዋል። የኛው ዳይሬክት ግን ሹፌሩ ሳያውቅ ለዘላለም የተጫነ ቁልፍ ነው።

ደግሞም የድሮው ሹፌር በማንዋል ያደገ ነው። ዛሬ የተቀየረውን ፒክአፕ የሚነዳው ለዓመታት አውቶማቲክ የለመደ ሰው ነው። ፓርክ የሚባለው ስለሌለው፣ የእጅ ፍሬኑንም ስለማያምነው፣ አዲስ አበባ ቁልቁለት ላይ አንደኛ ማርሽ አስገብቶ ይወርዳል። ማታ ወንድሙ ወይም ልጁ ቁልፉን ወስዶ በመስኮት በኩል እጁን አስገብቶ ቁልፉን ያዞራል። አንደኛ ማርሽ ከባድ ነው፤ ሞተሩ ባይነሳ እንኳ ሞተሪኖው ብቻውን መኪናውን ወደፊት ይጎትታል። ናፍጣ ከሆነና ከተነሳ ደግሞ በራሱ ይቀጥላል። ከውጭ አገር በሪሞት የሚነሳ ሆኖ የመጣ መኪና ላይ ይህን አስቡት፦ ሰውዬው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሪሞቱን ይጫናል፣ መኪናው ማንም ሳይኖርበት ማርሽ ላይ ይነሳል። ካምቢዮ ሲቀየር የሪሞት ማስነሻው መነቀል አለበት። ይህን ለደንበኛው የሚናገር ስንት ጋራዥ አለ?

ባለሥልጣናቱም ከዚህ ውጭ አይደሉም። የካምቢዮ ለውጥ ሊብሬ ላይ በግልጽ ይጻፍ፤ ገዢ ምን እንደሚገዛ ይወቅ። ዓመታዊ ምርመራው ላይ የማስነሻው ፈተና ይካተት። ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም፣ መሣሪያም አያስፈልገውም።

ፈተናውን እናንተም ከጋራዥ ሳትወጡ አድርጉት። ከመኪናው ፊትም ከኋላም ሰው አይኑር። የእጅ ፍሬን ያዙ፣ የእግር ፍሬኑን ርገጡ፣ ማርሹን ኒውትራል ላይ አድርጉና ፍሪሲዮን ሳትረግጡ ቁልፉን አዙሩ። ሞተሪኖው ከዞረ ዳይሬክት ተደርጓል። መካኒኩ ማብሪያውን ገጥሞ በድጋሚ እስኪያሳያችሁ ድረስ ቀሪውን ክፍያ አትስጡ።