በጅምላ የሚሸጥ እሑድ፤ ትርፉ የማን ነው?

ለነጋዴ ሰው ጅምላ ማለት ቅናሽ ማለት ነው። በየቀኑ ከችርቻሮ ሱቅ አንድ ኪሎ ከመግዛት ኩንታሉን አንድ ጊዜ ማንሳት እንደሚያዋጣ በገበያ ውስጥ ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ነጋዴ ቲማቲም ረከሰ ብሎ አሥር ሳጥን ወደ ቤቱ አያስገባም። ዋጋው ስላልጣመው ሳይሆን ቤተሰቡ በልቶ ሳይጨርሰው እንደሚበሰብስ ስለሚያውቅ ነው።

የመዝናኛ ፓርኮች የሚሸጡት የዓመት መግቢያ ካርድም ከቲማቲም ሳጥኑ ብዙ አይለይም። በካርዱ ላይ የሚታየው የመጫወቻው ሥዕል ይሁን እንጂ የሚሸጠው ዕቃ የእረፍት ቀን ነው። የእረፍት ቀን ደግሞ መጋዘን የለውም። ያልተጠቀሙበት እሑድ ለሚቀጥለው ሳምንት አይተላለፍም፤ በግማሽ ዋጋም አይሸጥም።

ጉዳዩ ለአዲስ አበባ አንባቢ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ግን ሎስ አንጀለስ ወንድም ወይም እህት ያለው ነጋዴ አይጠፋም። በዚያ ከተማ በፌርፋክስ ጎዳና ላይ ያለው የኢትዮጵያውያን ምግብ ቤቶችና ሱቆች ሰፈር በ2002 ‹‹ትንሿ ኢትዮጵያ›› ተብሎ በይፋ ተሰይሟል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ከዚያ ሰፈር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአናሃይም ከተማ ዲዝኒላንድ ይገኛል። ልጆች ያሉት ቤተሰብ ደግሞ ‹‹ካርዱን እንግዛው ወይስ ይቅር?›› የሚለውን ጥያቄ ማምለጥ አይችልም። ሂሳቡ ከሺህ ዶላር በላይ ስለሆነ በእራት ላይ ወሬ የሚቆረጥ ነገር አይደለም።

ከችርቻሮ ወደ ጅምላ

ዲዝኒላንድ በ1955 በሩን ሲከፍት ሽያጩ የችርቻሮ ነበር። ጎብኚው መግቢያ ከከፈለ በኋላ ለየመጫወቻው ኩፖን ይቆርጥ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ኩፖኖቹ በደብተር ተጠርዘው መሸጥ ጀመሩ። በ1982 ይህ አሠራር ቀርቶ አንድ ቲኬት ቀኑን ሙሉ የሚያስጫውት ሆነ። በዚያው አሥር ዓመት ውስጥም የዓመት ካርድ መጣ። መጀመሪያ ጨዋታው፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ በመጨረሻም ዓመቱ ለገበያ ቀረበ ማለት ነው።

ዛሬ ካርዱ አንድ ዓይነት አይደለም። ፓርኩ ‹‹ማጂክ ኪይ›› በሚል ስም በነሐሴ 2021 አራት ዓይነት ካርዶችን ሲያወጣ ዋጋቸው 399፣ 649፣ 949 እና 1,399 ዶላር ነበር። በጥቅምት 2024 ደግሞ 599፣ 974፣ 1,374 እና 1,749 ዶላር ደረሱ። ከዚያ ወዲህም ዋጋው ባለበት አልቆመም። ልብ ሊባል የሚገባው ከሁሉ ርካሽ የሆነው ካርድ በሦስት ዓመት ውስጥ በ50 በመቶ ሲጨምር ውዱ በ25 በመቶ ብቻ መጨመሩ ነው። ጭማሪው የከበደው በዝቅተኛው ገዢ ላይ ነው።

ርካሹ ካርድ የሚሸጠው ለደቡብ ካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ብቻ ነው። ብዙ የሳምንት መጨረሻ ቀናትና ትምህርት ቤት የሚዘጋባቸው ወራት አብዛኛው ጊዜ ለዚህ ካርድ ዝግ ናቸው። በክፍት ቀንም ቢሆን አስቀድሞ ቀጠሮ ሳያስይዙ መግባት አይቻልም። ውዱ ካርድ የመኪና ማቆሚያን ጭምር የሚይዝ ሲሆን እሱም ቢሆን በገና ሰሞን ዝግ ቀናት አሉት።

ሦስት፣ ስድስት ወይስ ዘጠኝ?

አሁን ወደ ስሌቱ መግባት ይቻላል። በጥቅምት 2024 በወጣው ዋጋ የአንድ ቀን ቲኬት እንደ ቀኑ ከ104 እስከ 206 ዶላር ነበር። ካርዱን ለመግዛት የጓጓ ሰው 599 ዶላሩን ከ206 ዶላሩ ጋር ያስተያይና ‹‹ሦስት ጊዜ ከሄድን ዋጋውን መለሰ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ነፃ ነው›› ይላል። ሂሳቡ ትክክል ይመስላል። ስህተቱ ያለው በማስተያየቱ ላይ ነው። ቲኬቱ 206 ዶላር የሚያወጣባቸው ቀናት ገበያው የደራባቸው ቀናት ናቸው። እነዚያ ደግሞ በአመዛኙ ርካሹ ካርድ የማይሠራባቸው ቀናት ናቸው። በማይገባበት ቀን ዋጋ ትርፍን ማስላት በሌላ ሰው ማሳ ላይ ያለን ሰብል መቁጠር ነው።

ካርዱ በሚሠራባቸው ቀዝቃዛ ቀናት ቲኬቱ ወደ 104 ዶላር የቀረበ ነው። በዚህ ሲሰላ ካርዱ ዋጋውን የሚመልሰው በስድስተኛው ጉብኝት ነው። ሌላም አለ። ፓርኩ ገበያ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ለአካባቢው ነዋሪዎች የቅናሽ ቲኬት ያወጣል። በ2025 መጀመሪያ ላይ በሥራ ቀናት የሚያስገባ የሦስት ቀን ቲኬት 199 ዶላር ነበር። በዚህ ዋጋ ከተሰላ 599 ዶላሩ የሚመለሰው በዘጠነኛው ጉብኝት ገደማ ነው።

እንግዲህ አንዱ ካርድ በሦስት፣ በስድስት ወይም በዘጠኝ ጉብኝት ዋጋውን ይመልሳል ሊባል ይችላል። የተለወጠው ካርዱ ሳይሆን የተነፃፀረበት ዕቃ ነው። ማንኛውም ደላላ እንደሚያውቀው አንድን ቤት ርካሽ ለማስመሰል ከሁሉ ቀላሉ ዘዴ አጠገቡ የሚጠራውን ቤት መምረጥ ነው።

የቀኑ ባለቤት ማን ነው?

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ከዶላሩ ይከብዳል። አባት፣ እናትና ከሦስት ዓመት በላይ የሆኑ ሁለት ልጆች ያሉበት ቤተሰብ ለምሳሌ ይወሰድ። ርካሹ ካርድ ለአራቱ 2,396 ዶላር ይመጣል። አባት መኪና የሚያሽከረክር፣ እናት በምግብ ቤት የምትሠራ ከሆነ ሁለቱም የሚያተርፉት ቅዳሜና እሑድ ነው። የእረፍት ቀናቸው ማክሰኞ ይሆናል። ማክሰኞ ካርዱ ይሠራል፤ ልጆቹ ግን ትምህርት ቤት ናቸው። ልጆቹ ነፃ በሚሆኑበት ቅዳሜ ደግሞ ካርዱ አይሠራ ይሆናል፤ ቢሠራም ወላጅ ሥራ ላይ ነው። በወረቀት ላይ ክፍት ሆነው የተዘረዘሩት ቀናት በዚህ ቤት የቀን መቁጠሪያ ላይ ሲወርዱ በጣት የሚቆጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ።

ለዚህ ነው ከመግዛት በፊት የሚያስፈልገው የፓርኩ የዋጋ ዝርዝር ሳይሆን የቤተሰቡ የቀን መቁጠሪያ የሚሆነው። የሁሉም እረፍት የሚገጣጠምባቸው፣ ካርዱም የሚሠራባቸው ቀናት ስንት ናቸው? ከነሱ ላይ የክርስትናው፣ የሠርጉ፣ የለቅሶውና የሕመሙ ቀን ሲቀነስ ስንት ይቀራል? መልሱ ከስድስት በታች ከሆነ ቅናሽ የተባለው ነገር ቅናሽ አይደለም።

ሰው ስለ ራሱ ትጋት ሲተምን አብዝቶ እንደሚሳሳት በጥናት ተረጋግጧል። ስቴፋኖ ዴላቪኛና ኡልሪኬ ማልሜንዲየር የተባሉ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች በ2006 ባሳተሙት ጥናት የሦስት የአሜሪካ ስፖርት ቤቶችን መዝገብ መርምረዋል። በወር ከ70 ዶላር በላይ የሚከፍሉት አባላት በአማካይ በወር 4.3 ጊዜ ያህል ብቻ ይሄዱ ነበር። እያንዳንዱ ጉብኝት ከ17 ዶላር በላይ አስወጥቷቸዋል። የአሥር ጊዜ ካርድ ቢገዙ ኖሮ በአንዱ የሚከፍሉት 10 ዶላር ብቻ ነበር። እነዚህ ሰዎች ሂሳብ የማያውቁ አልነበሩም። የከፈሉት ይሆናሉ ብለው ላሰቡት ትጉህ ሰው ነበር፤ በር ላይ የደረሰው ግን ሌላ ሰው ሆነ።

‹‹ከዚያ በኋላ ነፃ ነው›› የሚለውም አባባል መታየት አለበት። መግቢያው ነፃ ቢሆንም ቀኑ ነፃ አይደለም። በ2024 መኪና ማቆሚያው ብቻ 35 ዶላር ነበር፤ ርካሹን ካርድ የያዘም ቅናሽ ቢያገኝ እንጂ በነፃ አያቆምም። ነዳጅ፣ ምሳና ልጅ አልቅሶ የሚያስገዛው አሻንጉሊት ይጨመርበታል። ለአንድ ጉዞ 120 ዶላር ይወጣል ቢባል ስምንት ጉዞ 960 ዶላር ይሆናል። ካርዱ ባይኖር ቤተሰቡ ሁለት ጊዜ ብቻ ይሄድ ከነበረ ስድስቱን ጉዞ ያመጣው ካርዱ ራሱ ነው። ከገንዘብ ለማዳን የተገዛው ዕቃ አዲስ ወጪ ወለደ ማለት ነው። 

ከሻጩ ወገን ሲታይ

ነጋዴ የሌላውን ነጋዴ ሂሳብ ማንበብ አለበት። ፓርኩ የዓመት ካርድ ሲሸጥ አገልግሎቱን ሳይሰጥ ገንዘቡን ይቀበላል። ይህ ገንዘብ በመዝገብ ላይ ወዲያው ገቢ አይሆንም፤ አገልግሎቱ እስኪሰጥ ድረስ ዕዳ ሆኖ ይቆያል። ለገዢው ሲገለበጥ ወለድ የማይከፈልበት ብድር ነው። እርግጥ ወለዱ ብዙ አይደለም። አራት ውድ ካርዶች 6,996 ዶላር ናቸው፤ አገልግሎቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል እየተቀነሰ ቢታሰብና ወለዱ 4 በመቶ ቢሆን የሚቀረው 140 ዶላር ያህል ነው። ለካሊፎርኒያ ነዋሪዎች ያለ ወለድ በየወሩ የመክፈል ዕድልም አለ። እውነተኛው ወጪ ያለው ባልተጠቀሙበት ቀን ላይ ነው።

ሻጩም ቢሆን በካርዱ ሁልጊዜ ደስተኛ አይደለም። ደንበኛው በብዛት ከመጣ ሰልፉን ያስረዝማል፤ በየጉብኝቱ የሚያወጣው ገንዘብ ደግሞ ትንሽ ነው። በ2022 ኩባንያው በሩብ ዓመት ሪፖርቱ ላይ የዲዝኒላንድ የጎብኚዎች ስብጥር ለገቢው አመቺ እንዳልነበር ሲገልጽ የካርድ ባለቤቶች ነገሩን ወደ ራሳቸው ወስደው ተቆጥተው ነበር። ቀጠሮና ዝግ ቀናት የመጡትም ከዚህ የተነሳ ነው። ካርዱ ይሸጣል፤ አጠቃቀሙ ግን ይለካል።

በዚህ ጉዳይ ክርክር ፍርድ ቤት ደርሷል። በ2021 ዝግ ቀን የለውም ተብሎ የተሸጠውን የ1,399 ዶላር ካርድ የገዙ ሰዎች ቲኬት እየተሸጠበት ባለ ቀን እነሱ ቀጠሮ አላገኙም በሚል ክስ ቀረበ። ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምን በ2023 በ9.5 ሚሊዮን ዶላር በስምምነት ጨርሶታል። ክፍያው የሚመለከታቸው ካርድ ገዢዎች ከ100,000 በላይ ስለነበሩ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ከአንድ ቀን ቲኬት ዋጋ ያነሰ ነበር። ትምህርቱ ግልጽ ነው፤ ‹‹ክፍት ነው›› እና ‹‹ቦታ አለ›› አንድ አይደሉም።

የበሩ መዘጋት አደጋም አለ። ዲዝኒላንድ በወረርሽኙ ምክንያት ከመጋቢት 2020 እስከ ሚያዝያ 2021 መጨረሻ ተዘግቶ ነበር። የቀድሞውን የዓመት ካርድ በጥር 2021 ሰርዞ ለባለካርዶች ተመላሽ ከፍሏል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ ሜሪላንድ ውስጥ የነበረው ሲክስ ፍላግስ አሜሪካ ደግሞ በኅዳር 2025 መጀመሪያ ለመጨረሻ ጊዜ ተዘግቷል። ልጆቹን እዚያ ማዝናናት የለመደ ቤተሰብ የኩባንያውን ሌላ ፓርክ ለማግኘት ወደ ሌላ ግዛት መንዳት ይኖርበታል።

ለማን ያዋጣል?

ይህ ሁሉ ሲባል ካርዱ ለማንም አይሆንም ማለት አይደለም። ከፓርኩ በቅርብ ርቀት ለሚኖር፣ ልጆቹ ትምህርት ላልጀመሩና የሥራ ሰዓቱን ራሱ ለሚወስን ሰው ጥሩ ግዢ ነው። እንዲህ ያለው ሰው ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ገብቶ ይወጣል። የቀን ቲኬት የገዛ ሰው ግን ገንዘቡን ለማስመለስ ልጆቹን እስከ እኩለ ሌሊት ሲጎትት ያመሻል። ያለ ጥድፊያ መዝናናት ዋጋ አለው፤ ያንን ዋጋ አውቆ የሚከፍል ሰው አልተታለለም። ዕድሜው ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በነፃ ስለሚገባ ለሱ ካርድ መግዛት አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ በዓመት አንድ ጊዜ ዘመድ ሊጠይቅ ለሚሄድ ነጋዴ ግን የቀን ቲኬት ይበቃዋል።

ለሚያመነታ ሰው የሚበጀው በችርቻሮ መጀመር ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በቀን ቲኬት ስንት ጊዜ እንደሄደ በማስታወሻ ይያዝ። በልብ የታሰበው ሳይሆን በእግር የተሄደው ይቆጠር። ቁጥሩ ካርዱን የሚያዋጣ ከሆነ ያኔ ይገዛል።

ይህ ስሌት ባሕር ማዶ ብቻ የሚቀር አይደለም። በአዲስ አበባም ስፖርት ቤቶች የስድስት ወርና የዓመት ክፍያን በቅናሽ ያቀርባሉ። እዚህ አንድ ልዩነት አለ። ዋጋ በየጊዜው በሚጨምርበት አገር ቀድሞ የከፈለ ሰው የዛሬን ዋጋ ለዓመት ይዞ ይቆያል፤ ይህ ለገዢው እውነተኛ ጥቅም ነው። ሻጩም የነገውን ወጪ በትናንት ዋጋ ለመሸፈን መፈራረሙን ማሰብ ይኖርበታል፤ ካላሰበበት በዓመቱ አጋማሽ በሩን ሊዘጋ ይችላል፤ ያን ጊዜ የከፈለው ሁሉ አበዳሪ ሆኖ ይሰለፋል።

ጅምላ የሚያዋጣው መጋዘን ላለው ነው። የእረፍት ቀን መጋዘኑ የሰውየው የራሱ ዓመት ነው። ካርዱን ከመግዛቱ በፊት ስንት ባዶ ቦታ እንዳለው ይግባና ይቁጠር።