መጀመሪያ ፍሬኑን አሳየኝ

ግቢው ውስጥ አሮጌ መኪና፣ ቤቱ ውስጥ ደግሞ ጎረምሳ ልጅ ያለው ወላጅ የዛሬው ወጌ ገና ሳልጨርሰው ይገባዋል። ሁለቱ ከተገናኙ እሑድ እሑድ ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል፣ የእጅ ፎጣው በግሪስ ይጠቁራል፣ የወጥ ቤቱ ቢላዋ ካቻቢቴ ሆኖ ይውላል።

እኛ ቤት ያለችው ዲኤክስ ናት። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ትቷት የሄደው ቶዮታ ኮሮላ። በፈረንጆቹ 1979 ብቅ ካለው ከአራተኛው የኮሮላ ትውልድ ናት፤ ሞተሯ 1.3 ሊትር፣ የምትገፋው በኋላ ጎማዋ። «ዲኤክስ» የምንለው ስም «ዴሉክስ» ከሚለው የደረጃ መጠሪያ የመጣ ነው፤ እኛ ግን የመኪናው ስም አድርገን አስቀረነው። አባቴ ካረፈ በኋላ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆማ ዶሮ ይሰፍርባት ነበር።

የበኩር ልጄ 20 ዓመት ሲሞላው እናቴ ቁልፉን ከሣጥኗ አውጥታ ሰጠችው። እኔን አልጠየቀችም። ስቆጣ «መኪና ቆሞ ይበሰብሳል፤ ልጅም እንዲሁ ነው» ብላ ዘጋችኝ።

ልጄ የፈለገው ግን አያቱ ይነዷት የነበረችውን መኪና አልነበረም። እሱ ያለው ሐሳብ ኤኢ86 የሚባለው የጃፓን ኮሮላ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1983 እስከ 1987 የተሠራ፣ ባለ 1.6 ሊትርና ባለ 16 ቫልቭ ሞተር፣ ጃፓን ውስጥ በ130 የፈረስ ጉልበት የተሸጠ መኪና ነው። የእኛዋ ጉልበት የዚያን ግማሽ ገደማ ቢሆን ነው። ሁለቱ በኋላ ጎማ የሚገፉ የሥጋ ዘመዳሞች ስለሆኑ «ትንሽ ከነካካኋት ትሆናለች» አለ።

ነካካት። እኔ የሰጠሁትንና አያቱ የጨመረችለትን ብር ይዞ ሶማሌ ተራ ወረደና ሰፊ አፍ ያለው ካርቡሬተር ገዝቶ መጣ። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ካርቡሬተሩን ቀየረ፣ አዲስ ካንዴላ አስገባ፣ የእሳቱን ጊዜ ወደፊት አመጣ፣ ድምፅ እንድትሰጥም ማርሚታዋን ነቀለ። ሰኞ ጠዋት ስትነሣ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ጮኸ። ዳገት ላይ ግን ጥቁር ጭስ እየተፋች፣ እያስነጠሰች፣ በሚኒባስ ታክሲ ትቀደም ጀመር። ድምፁ ቀደመ፣ መኪናዋ ቀረች።

እኔም የአባት ወጉን ተናገርኩ። «ከእንግዲህ አንድ ችግር ባይባት እሸጣታለሁ!» አልኩት። ይህቺን አባባሌን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስባታለሁ።

ጎረቤታችን ዕድሜያቸውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሱ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። ልጄ ሞተሩን በሙሉ መቀየር አለብኝ ብሎ ሲያማክራቸው አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁት፤ «ከቀየርካቸው ነገሮች ያበላሻት የትኛው ነው?» መልስ አልነበረውም። «አራት ነገር ባንድ ቀን የቀየረ ሰው አራት ተጠርጣሪ ይዞ ምስክር የለውም፤ በል ደብተር አምጣ» አሉት።

ከዚያ ያየሁት ትምህርት ለእኔም አዲስ ነበር። መጀመሪያ አራቱን ካንዴላዎች አስወጡትና በቅደም ተከተላቸው ጋዜጣ ላይ አስደረደሩት። ካንዴላ የሞተሩ ምላስ ነው፤ ሐኪም ምላስ አውጣ እንደሚል ሁሉ መካኒክም ካንዴላ ያያል። ጫፉ ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቀርሻ ከለበሰ ቤንዚን በዝቷል ወይም እሳቱ ደክሟል። በዘይት ከራሰ ዘይት ወደ ውስጥ እየገባ ነው። ነጭ ከሆነ ደግሞ ቤንዚን አንሶ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ሊሆን ይችላል። የእኛዎቹ አራቱም እንደ ምጣድ ጀርባ ጠቁረዋል። «አንዱ ብቻ ቢጠቁር የዚያን ሲሊንደር ሽቦና ቫልቭ እንፈልጋለን። አራቱም ከጠቆሩ ግን ጥፋቱ አራቱም የሚጋሩት ነገር ላይ ነው» አሉ።

ስለዚህ ከርካሹና ከቀላሉ ጀመሩ። የአየር ማጣሪያው ታይቶ ተራገፈ። በብርድ ለማስነሻ አየር የሚዘጋው ክዳን ሞተሩ ሲሞቅ መከፈቱ ታየ። እሳት የምትቆርጠው ፑንቲና ክፍተቷ በቀጭን የብረት መለኪያ ተለክቶ 0.45 ሚሊሜትር ላይ ተስተካከለ። የእሳቱ ጊዜ ወደ ቀድሞ ምልክቱ ተመለሰ። እያንዳንዱ ነገር ከተነካ በኋላ መኪናዋ ትነሣለች፣ ያው ዳገት ትወጣለች፣ ውጤቱ ደብተር ላይ ይጻፋል። አንድ ለውጥ፣ አንድ ሙከራ፣ አንድ መስመር።

መጨረሻ ላይ የቀረው አዲሱ ካርቡሬተር ነበር። እዚህ ላይ መካኒኩ የነገሩን ነገር አዲስ አበባ ላይ መኪና የሚነካካ ልጅ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ከተማችን ከባሕር ወለል ወደ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት። እዚህ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ካርቡሬተር ግን አየሩ ሳስቷል ብሎ ቤንዚኑን በልኩ አይቀንስም። ለቆላ የተለካ ካርቡሬተር እዚህ ቤንዚን ያበዛል፤ አፉ ሰፊ፣ ቤንዚን የምታልፍባት የናስ ቀዳዳውም ትልቅ የሆነ ደግሞ የባሰውን ያበዛል። ልጄ ጉልበት ገዛሁ ብሎ የገዛው ጥቀርሻ ነበር። የአባቴ አሮጌ ካርቡሬተር ታጥቦ ተመለሰ። መኪናዋ ሳታስነጥስ ዳገቱን ስትወጣ እናቴ በረንዳ ላይ ሆና እልል አለች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ «እንጦጦ እንውጣ» አለ። ደስ ብሎኝ ነበርና እኔም ጋቢና ገብቼ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው መካኒክ ግን ከመኪናዋ ፊት ቆመው አልንቀሳቀስ አሉ።

«ፍሬኑስ?»

ለካ ከሳምንት በላይ ስለ ጉልበት ስናወራ ስለ ማቆም ማንም አላነሣም። በመስኮት እጃቸውን አስገብተው የፍሬን ፔዳሉን ሲጫኑት ቀስ እያለ ወደ ወለሉ ሰመጠ። ፊታቸው ተለወጠ። «መጀመሪያ ፍሬኑን ሳታሳየኝ ሞተር አታሳየኝ!» አሉት። የቀኙ የኋላ ጎማ ወለቀ፣ ታምቡሩ ተነሣ። ሸራውን የምትገፋዋ ትንሽ ሲሊንደር አልቅሳ ሸራው በፍሬን ዘይት ርሷል። ዘይቱም እንደ ቡና አተላ ጠቁሯል።

የፍሬን ዘይት እያደር ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ ከ205 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ ሆኖ ይሠራል። ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን ይህ ወሰን ወደ 140 ሊወርድ ይችላል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከሆነው ከእንጦጦ አናት ቁልቁል ፍሬን እየረገጡ ሲወርዱ ፍሬኑ ይግላል፣ ዘይቱ ይፈላል፣ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ተገፍቶ ፍሬን ያስይዛል፤ እንፋሎት ግን ይጨመቃል፣ ፔዳሉም ባዶ ይሄዳል።

«ይህ የዛሬ አይደለም» አሉ መካኒኩ፣ ልጄን እያዩ።

ልጄ ጭንቅላቱን አቀረቀረ። ፔዳሉ ሁለት ጊዜ ሰምጦበት እንደነበር ነገረን። ሁለቱንም ጊዜ ደጋግሞ ረግጦ ነው ያቆማት። ከሁለቱ በአንዱ የ12 ዓመቷ እኅቱ አጠገቡ ነበረች፤ ከትምህርት ቤት ሲያመጣት።

«ለምን አልነገርከኝም?» ብዬ ጮህኩ።

«አንድ ችግር ካየሁባት እሸጣታለሁ አላልክም አባዬ?» አለኝ።

ያዙልኝ ያልኳችሁ አባባሌ ይህ ነው። ልጄን ከአደጋ እጠብቅበታለሁ ብዬ የተናገርኩት ቃል አደጋውን ከእኔ የሚደብቅበት ምክንያት ሆነ። ልጁ ጥፋተኛ ነው፤ አልካድኩም፣ እሱም አልካደም። የእኔ ድርሻ ግን የእሱን ያህል ነበር። የዚያን ዕለት ምሽት ለሴት ልጄ እራት ሳቀርብ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በማግሥቱ የኋላዎቹ ሲሊንደሮች፣ ሸራዎቹና የጎማ ቱቦዎቹ ተቀየሩ። ዘይቱ ተደፍቶ አዲስ ገባ። ከመስመሩ አየር ማስወጣት ደግሞ ለአንድ ሰው የማይሆን ሥራ ነው። አንዱ ፔዳል ላይ፣ ሌላው ጎማው ሥር መሆን አለበት። ልጄ ጎማው ሥር ገባ፣ እኔ መሪው ላይ ተቀመጥኩ። ከዋናው የፍሬን ፓምፕ በጣም ከሚርቀው ከቀኙ የኋላ ጎማ ጀመርን።

«ርገጥ አባዬ!»

«ረገጥኩ።»

«ያዝ! እንዳትለቅ!» መፍቻውን ያዞራል፤ አረፋ በቱቦው ወደ ጠርሙሱ ይወጣል፤ መልሶ ይዘጋል። «ልቀቅ!»

ይህን በአራቱም ጎማ ደጋገምነው። 20 ዓመት ሙሉ እኔ ያዘዝኩት ልጅ ከሰዓት በኋላውን ሲያዘኝ ዋለ። ሲጨልም ፔዳሉ እግሬ ሥር እንደ ድንጋይ ጠነከረ። በዚያው ቀን አዲስ ውል ገባን። ከእንግዲህ ብልሽት የነገረኝ ልጅ አይቀጣም፤ የደበቀ ግን ቁልፉን ለአያቱ ይመልሳል።

እናንተም ቤት እንዲህ ያለ ልጅ ካለ መከልከሉን ትታችሁ ባትሪ አብሩለት። ከዚህ በታች ያሉትን ግን አትደራደሩበት።

በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ጠንካራ የብረት መደገፊያ ይግባበት፣ የቀሩት ጎማዎች ይታገዱ። ድንጋይና ብሎኬት መደገፊያ አይደለም።

ካርቡሬተር በሚታጠብበት ግቢ ከሰል አይቀጣጠል፣ ቡና አይፈላ፣ ሲጋራ አይጨስ። የኤሌክትሪክ ሥራ ሲኖር የባትሪው ነጌቲቭ ሽቦ አስቀድሞ ይነቀል።

የታምቡር አቧራ በአፍም በአየርም አይነፋ። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ።

ሱስታ ቆርጦ መኪና ዝቅ ማድረግ አይፈቀድ። ያጠረ ሱስታ ጎማው ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

ሞተር ለመቀየር ካሰበ የሞተሩ ቁጥር ሊብሬ ላይ እንዳለ አስታውሱትና ከመግዛቱ በፊት መንጃና ተሽከርካሪ ቢሮ ይጠይቅ።

ቅደም ተከተሉም ይኸው ነው፤ ፍሬን፣ ጎማ፣ መሪ፣ ከዚያ ሞተር።

እንጦጦን በሳምንቱ ወጣናት። ሲወርድ ሽማግሌው መካኒክ እንዳስተማሩት በወጣበት ማርሽ ወረደ፤ ፍሬኑን በየኩርባው ነካ እያደረገ ብቻ። የኤኢ86 ሐሳቡን አልተወም፤ የደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በትልቁ ተጽፏል። በላዩ ላይ ግን «የፊት ዲስክ» የሚል መስመር ቀድሟል።

ባለፈው ሐሙስ ቢሮ ሳለሁ ስልኬ ጠራ።

«አባዬ፣ ከሥሯ የሚንኳኳ ነገር ሰማሁ። ዳር ይዤ ቆሜያለሁ።»

ታክሲ ይዤ ሄድኩ። ሁለታችንም ተንበርክከን አየን። መልሰን የገጠምናት የማርሚታዋ ማሰሪያ ላልታ ነው። በሽቦ አሰርናትና ወደ ቤት ተመለስን። ነጂው እሱ ነበር።