ጣና ላይ የሚዋል ቀን

ከባሕር ዳር ተነሥቶ በሐይቁ ሰሜን ዳርቻ፣ በጎንደር በኩል ወዳለችው ጎርጎራ የሚሄደው የጣና መርከብ ለብዙ ዓመታት ጉዞውን የሚጀምረው በሳምንት አንዴ፣ እሑድ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነበር። ደቅ ደሴትን ነክቶ ቁንዝላ ያድርና በማግስቱ እሰይ ደብርንና ደልጊን አልፎ ጎርጎራ ይገባ ነበር። በአስፋልት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነውን የባሕር ዳርና የጎንደር መንገድ መኪና በግማሽ ቀን ሲጨርሰው፣ በውኃ የሄደ ሰው ጎርጎራ ለመድረስ ብቻ አንድ ቀን ተኩል ያስፈልገው ነበር። መርከቡ ገበሬና ነጋዴ፣ እህልና ሸቀጥ ለማመላለስ እንጂ ለመዝናኛ የታሰበ አልነበረም። ቢሆንም የባሕር በር በሌላት አገር ውኃ ላይ መዋል ለሚሻ ሰው ይህን የሚያህል ጉዞ አይገኝም።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ የኢትዮጵያ ትልቁ ሐይቅ ነው። ርዝመቱ 84፣ ወርዱ 66 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢበልጥም ጥልቀቱ 15 ሜትር አይሞላም። በዚህ ምክንያት ነፋስ ሲነሣ ውኃው ቶሎ ይናወጣል። ጠዋት ሐይቁ ረጋ ብሎ ይቆያል፤ ከቀትር በኋላ ግን ማዕበሉ ይበረታል። የጀልባ ሰዎች በማለዳ መነሣት የሚወዱት ለዚህ ነው። ለተሳፋሪም ምርጡ ሰዓት ፀሐይ ሳትከርር በፊት ያለው ነው።

በባሕር ላይ የሚንሸራሸሩት ታላላቅ የመዝናኛ መርከቦች ወደብ የማይነኩበት ቀን አላቸው። ያን ቀን ተሳፋሪው ዙሪያውን ከውኃና ከሰማይ በቀር የሚያየው ነገር ስለሌለ፣ በመዋኛ ገንዳ፣ በሙዚቃና በምግብ ይያዛል። የጣና ቀን ከዚህ ይለያል። ሠላሳ ሰባት ይሆናሉ ከሚባሉት ደሴቶች አንዱ ከዓይን ሳይጠፋ ሌላው ብቅ ይላል፤ በብዙዎቹም ላይ ገዳም ወይም ቤተ ክርስቲያን አለ። የዘጌ ልሳነ ምድር ከነቡናው ጫካ በቅርብ ይታያል። የክብራን ገብርኤል ገዳምም እንዲሁ። ከዚያ ወደ ሐይቁ እምብርት ሲዘለቅ ትልቁ ደቅና ጎኑ ላይ ያለው ዳጋ እስጢፋኖስ ይመጣሉ። ዳጋ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብና የዐፄ ፋሲል አጽም የሚገኝበት ገዳም ሲሆን ሴት አይገባበትም። በደቅ ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው። ጎንደር ላይ ቁስቋምን ያነጹት እቴጌ ሐይቁ መካከል ድረስ ዘልቀው መትከላቸው፣ በዚያ ዘመን ከተማውና ውኃው እንዳልተራራቁ ያሳያል።

በመንገድ ላይ ቀረብ ብሎ ሊታይ የሚገባው ታንኳ ነው። ከደንገል ይሠራል፤ የደረቀው ደንገል በነዶ በነዶ ተጠርዞ፣ በገመድ ጠብቆ ይታሰርና ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ይህን ጥበብ ጠብቀው ያቆዩት በተለይ የወይጦ ማኅበረሰብ ሰዎች ናቸው። ታንኳ ውኃ አያስገባም ማለት አይቻልም፤ ውኃው በደንገሉ መካከል ስለሚሰርግ ቀዛፊው እግሩ ረጥቦ ይውላል። የሚያንሳፍፈው በደንገሉ ውስጥ የታመቀው አየር ነው። ስለዚህ ከሥራ በኋላ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ ካልደረቀ እየከበደ ይሄድና ይሰጥማል። ዕድሜውም አጭር ነው፤ ሲበሰብስ ሌላ ይሠራል። እንጨት ጭኖ መርከቡን በጎን የሚያልፍ ታንኳ ከሩቅ ሲታይ ጭነቱ ብቻውን የሚንሳፈፍ ይመስላል። ዓሣ አጥማጆች አምባዛና ቀረሶ ያወጣሉ። በሳይንስ ዓለም ጣናን ስመ ጥር ያደረጉት ግን ሌሎች ናቸው፤ በዚሁ ሐይቅ ብቻ የሚገኙ፣ ከአንድ ዘር ተነሥተው የተለያዩ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች። ዩኔስኮም ጣናን በ2007 ዓ.ም በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል።

መርከቡ ወደ ሰሜን ሲጠጋ የደንቢያ ሜዳ ይገለጣል፤ ከኋላው የጎንደር ደጋ ቆሟል። በዚህ ዳርቻ ያለችው ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ፋሲል በ1628 ዓ.ም ጎንደርን ሳይቆረቁሩ፣ አባታቸው ዐፄ ሱስንዮስ በአሮጌው ጎርጎራ ቤተ መንግሥት ነበራቸው። ፍርስራሹ እስከ ዛሬ ማርያም ግምብ ይባላል። በደብረ ሲና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ውስጥም የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥዕሎች አሉ። የጎንደርን ግንቦች አይቶ ጎርጎራን ሳያይ የሚመለስ ጎብኚ ታሪኩን ከመካከሉ ጀምሮ እንዳነበበ ይቆጠራል።

ይህ ጉዞ በሐይቁ ጤና ላይ የቆመ ነው። ጣና ለመርከብ የሚመቸው የውኃው ከፍታ ከ1,785 ሜትር ብዙም ዝቅ ሳይል ነው። በ1995 ዓ.ም ክረምት መግቢያ ላይ ውኃው ከዚያ ወርዶ መርከቦች ለወራት ቆመው ነበር። ድርቅ አንዱ ምክንያት ነው፤ ሌላው ከዓባይ መውጫ ላይ በጨረጨራ ግድብ በኩል ለኃይል ማመንጫ የሚለቀቀው ውኃ ነው። ከ2004 ዓ.ም አካባቢ ጀምሮ ደግሞ እምቦጭ የተባለው የውኃ አረም መጥቷል። መጀመሪያ የታየው በመገጭ ወንዝ መግቢያ፣ ማለትም ጎንደሬዎች በሚያውቁት ዳርቻ ነው። መገጭ፣ ርብና ጉማራ ከደጋው እየጠረጉ የሚያመጡት አፈር ክረምት ላይ ውኃውን ያደፈርሰዋል፤ ለእምቦጩም ምግብ ይሆነዋል። ስለዚህ የሐይቁ ጉዳይ የባሕር ዳር ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በደጋው ተዳፋት ላይ እርከን መሥራትና ዛፍ መትከል የጣና ሥራ ነው።

በሐምሌና ነሐሴ 2015 ዓ.ም በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት ጎብኚን አሳጥቷል፤ የአስጎብኚውንና የጀልባ ሰዎችን ገበያ ክፉኛ ጎድቶታል። ሰላም ሳይኖር የመዝናኛ ጉዞ አይታሰብም። ያም ሆኖ በገበታ ለሀገር የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ጎርጎራ ላይ ሪዞርት ተሠርቷል፤ ከ180 በላይ ሰው የምትይዘው ጣናነሽ 2 የተባለች መርከብም በ2017 ዓ.ም ከጅቡቲ በተሽከርካሪ ተጭና ባሕር ዳር ገብታለች። ባሕር በሌላት አገር መርከብ በየብስ ተጉዞ ሐይቅ መድረሱ ትልቅ ድካም የወጣበት ሥራ ነው።

ከእንግዲህ የሚያስፈልገው መደበኛ የጉዞ ፕሮግራም ነው። መርከቧ በሳምንት የታወቀ ቀንና ሰዓት ይኑራት፤ ለደሴቶቹ ሰው፣ ለደልጊና ለቁንዝላ ገበያተኛም በአቅሙ የሚከፍለው ወንበር ይመደብ። ሐይቁ ከሁሉ በፊት የእነርሱ መንገድ ነውና ለጎብኚ ብቻ የታሰበ መርከብ ግማሽ ሥራ ነው። ጎንደር ላይ ሦስት ቀን የሚቆይ ጎብኚም፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ፣ አንዱን ቀን ለጣና ይስጥ።