አውቶማቲኩ የማያየው ቁልቁለት

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወይም ወደ ገራዶ በሚወርደው መንገድ አውቶማቲክ መኪና የሚነዱ ሰዎች ቅሬታ ብዙ ጊዜ አንድ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ካምቢዮው አይዝም፣ ይለቃል ይላሉ። ከዚያም አውቶማቲክ ለሜዳ እንጂ ለወሎ ተራራ አልተሠራም የሚል ብያኔ ይከተላል። እኔ ብያኔው የተጣለው ባልሆነ ተከሳሽ ላይ ነው ባይ ነኝ። ካምቢዮው የታዘዘውን እየሠራ ነው። መንገዱን ግን አያይም፤ ከፊት ቁልቁለት እንዳለ የሚነግረው ሰው ከመሪው ኋላ ተቀምጧል።

ተራው አውቶማቲክ ማርሽ የሚመርጠው በዋናነት ሁለት ነገር አይቶ ነው፤ የመኪናውን ፍጥነትና ነዳጅ መስጫው የተረገጠበትን መጠን። ጠንከር ተደርጎ ሲረገጥ ጉልበት ተፈልጓል ብሎ ማርሽ ይቀንሳል፤ እግር ሲነሳ ጉልበት አልተፈለገም ብሎ ነዳጅ ለመቆጠብ ወደ ላይኛው ማርሽ ይሻገራል። ሜዳ ላይ ይህ ስሌት እንከን አይወጣለትም። ወደ ኮምቦልቻ በሚያወርደው የሐረጎ ቁልቁለት ላይ ግን ነጂው እግሩን የሚያነሳው መኪናው እንዲዘገይለት ነው። ካምቢዮው ያንኑ ምልክት በተቃራኒው ይረዳዋል፤ ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ያልፋል፣ ሞተሩ ጎማውን ቀስፎ መያዙን ይተዋል፣ መኪናው ይንደረደራል፣ ሸክሙም ሁሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ደሴ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ገደማ በመሆኑ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ ነጂው አጥብቆ ይረግጣል፣ ካምቢዮውም በሁለት ማርሾች መካከል ይዋልላል። ዘይቱ ደህና ከሆነ ይህን ብልሽት ነው ብሎ ካምቢዮ ማስፈታት ገንዘብ መጣል ነው።

የቁልቁለቱን ክብደት በቁጥር እንየው። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ልዩነቱ 650 ሜትር ያህል ነው። 1,200 ኪሎ የሚመዝን መኪና ይህን ከፍታ ወርዶ ሲጨርስ የሚያራግፈው ኃይል አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል፤ የቀረው ወይ ሞተሩ ይይዘዋል ወይ የፍሬን ሸራው ይቃጠልበታል። ሸራ ከልክ በላይ ሲግል መያዝ ያቆማል። ያኔ ነው ፍሬን እምቢ አለ የሚባለው።

ጥፋቱ የአውቶማቲክ ተፈጥሮ እንዳልሆነ የሚያሳየው ጥሩ ማስረጃ ያለው ከሐረጎ በጣም የራቀ ቦታ፣ የስፖርት መኪና ውስጥ ነው። ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1990 ሞዴሉ 911 ላይ ያስገባው ቲፕትሮኒክ የተባለ ካምቢዮ፣ ነጂው እግሩን ከነዳጅ ላይ በድንገት ሲያነሳ ወደ ላይኛው ማርሽ እንዳይሻገር፣ መታጠፊያ ውስጥም እንዳይቀይር ተደርጎ ተሠርቷል። ዛሬ «ስፖርት» የሚል ምርጫ ያላቸው ብዙ መኪኖች ፍሬን ሲያዝ ራሳቸው ማርሽ ይቀንሳሉ። ፈጣኑ ነጂ ይህን የሚሻው ከመታጠፊያው ተስፈንጥሮ ለመውጣት ነው፤ የሐረጎው ነጂ ደግሞ ላለመንደርደር። ፍላጎታቸው የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም ለካምቢዮው የሚሰጡት ትእዛዝ አንድ ነው፦ ማርሹን ያዝ።

በየመንገዳችን የሚታዩት አሮጌ ቪትዝና ኮሮላዎች ትእዛዙን በእጅ የሚቀበሉበት ቦታ አላቸው። አንዳንዱ የማርሽ ዘንጉ ጎን ላይ የኦቨርድራይቭ (የላይኛው ማርሽ) ማጥፊያ ቁልፍ አለው፤ ሌላው «2» እና «ኤል»፣ ሲቪቲ የተባለው ካምቢዮ ደግሞ «ቢ» አለው። አሠራሩ ቀላል ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍጥነቱን በፍሬን ማውረድ፣ ከዚያ ዘንጉን ወደ ታች መሳብ። የሞተሩ ድምፅ ይጎላል፣ የዙር ቆጣሪው መርፌ 3,000ን ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ሰው ደንግጦ ወደ «ዲ» የሚመልሰው እዚህ ላይ ነው፤ ያ ድምፅ ግን ሞተሩ መኪናውን ይዞ እየወረደ መሆኑን የሚናገር ነው።

ሞተርና ካምቢዮ ይጎዳል የሚለው ስጋት በከፍተኛ ፍጥነት ላይ ሳለ ዘንጉን በድንገት ለሚጎትት ሰው እውነት ነው፤ አስቀድሞ ለቀነሰ ሰው ግን አይሠራም። ነዳጅ ይበላል የሚለው ደግሞ የተገለበጠ ነው። የኢንጀክሽን ሞተር በማርሽ ተይዞ ሲወርድ ነዳጅ ካልተረገጠ መርጨቱን ያቆማል። በዜሮ ማርሽ የሚለቀው ቆጣቢ ነኝ ባይ ነው እንዲያውም ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ የሚከፍል፤ ፍሬኑንም ያለ አጋዥ ትቶታል። አዲስ መኪና ቁልቁለቱን ራሱ ያውቃል የሚለው ክርክር ይሻላል፤ ብዙዎቹ በእርግጥ ያውቃሉ። ቢሆንም የሚያውቁት ቁልቁለቱ ውስጥ ከገቡ በኋላ ነው፤ ሰው ከኩርባው በፊት ያያል። ለዚህ ነው በአውቶማቲክ ለሚሠለጥን ሰው ከ«ዲ» በታች ያሉት ፊደላትና ቁጥሮች በፈተና ሊጠየቁ ይገባል የምለው፣ በተለይ እንደ ደሴ ባለ ከተማ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ካምቢዮ የሚቀይር መኪና ራሱ እየቀረ ነው፣ ነገሩ ያበቃለታል የሚሉም ይኖራሉ። የኤሌክትሪክ መኪና በአብዛኛው ባለ አንድ ማርሽ ነው፤ ቁልቁለት ላይ ሞተሩ ወደ ኃይል ማመንጫነት ተለውጦ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመጣውን ኃይል የሚያኖርበት የለውም፤ መያዙም ይላላል። ደሴ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ አድርጎ ጠዋት ሐረጎን የሚወርድ ሰው ወደዚህ ችግር የሚገባው ገና ከቤቱ ሳይርቅ ነው። 90 በመቶ ላይ ቢያቆም ይሻለዋል፤ ከቀረው ከፊሉን ቁልቁለቱ ራሱ ይሞላለታል።