ማባዛት የሚችል ሁሉ ሊመረምረው የሚችል ቁጥር

67 ሁለቶችን እርስ በርስ አባዝተን ከውጤቱ ላይ አንድ ብንቀንስ 147,573,952,589,676,412,927 የተባለውን ባለ 21 አሃዝ ሙሉ ቁጥር እናገኛለን። ፈረንሳዊው መነኩሴ ማረን መርሴን እ.ኤ.አ. በ1644 ይህን ቁጥር ከብቸኛ ቁጥሮች ማለትም ከአንድና ከራሳቸው በስተቀር አካፋይ ከሌላቸው ቁጥሮች ጋር መደበው። ማረጋገጫ ግን አላቀረበም። በ1876 የአገሩ ልጅ ኤድዋርድ ሉካ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን እስኪያሳይ ድረስ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ አለፉ። ሉካም ቢሆን አካፋዮቹን አላገኛቸውም ነበር። ያገኛቸው አሜሪካዊው ፍራንክ ኮል ሲሆን፣ በ1903 በኒው ዮርክ በተካሄደ የአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ስብሰባ ላይ የሚከተለውን አቀረበ፦

193,707,721 × 761,838,257,287

እንደሚተረከው፣ ኮል አንድም ቃል ሳይናገር ብዜቱን በሰሌዳ ላይ ሠርቶ ተቀመጠ፤ ተሰብሳቢውም አጨበጨበለት።

እኔን የሚያሳስበኝ ጭብጨባው ሳይሆን የሥራው ሚዛን ነው። የዚህ ቁጥር ማንኛውም ብቸኛ አካፋይ ለ134 ሲካፈል አንድ ቀሪ መስጠት አለበት። በዚህ ደንብ ብቻ የሚፈልግ ሰው እንኳ ትንሹ አካፋይ ላይ ለመድረስ 1,445,580 እጩዎችን መፈተሽ ይኖርበታል። የተገኘውን ለማረጋገጥ ግን ባለ 9 አሃዙን በባለ 12 አሃዙ ማባዛት ይበቃል፤ ይህም 108 የአንድ አሃዝ ብዜቶችና አንድ ረዥም ድምር ነው። በ1977 የተፈለሰፈው አር.ኤስ.ኤ. የተባለው የምስጢር አጻጻፍ ስልት የተመሠረተው በዚሁ የማግኘትና የማረጋገጥ ልዩነት ላይ ነው።

ተማሪዎቻችን ይህን ልዩነት እየዘነጉት ይመስለኛል። ማግኘት የጥቂቶች ዕድል ሊሆን ይችላል፤ መመርመር ግን የሁሉም ድርሻ ነው። ይሁን እንጂ «መምህሩ ብለዋል»፣ «ካልኩሌተሩ አውጥቶታል» የሚል መልስ በየክፍሉ እንሰማለን። ባለ አሥር አሃዝ ካልኩሌተር ይህን ቁጥር 1.475739526 × 10²⁰ ብሎ ያሳያል። ለእኛ ለፊዚክስ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ነገር ግን መሣሪያው አንድ የሚበልጠውን ቁጥርም በዚያው መልክ ያሳየናል። አንደኛው ከሁለት በስተቀር ሌላ ብቸኛ አካፋይ የለውም፤ ሁለተኛው ጭራሽ ለሁለት አይካፈልም። ስክሪኑ ሁለቱን አይለያቸውም።

ዛሬ ኮምፒዩተር አካፋዮቹን በቅጽበት ያወጣቸዋል፤ ታዲያ ምን ያደክመናል የሚል ይኖራል። ኮምፒዩተሩ ይሥራ፤ አልቃወምም። መልሱን ስንቀበል ግን ቢያንስ አንድ ፍተሻ ማድረግ እንልመድ። የሁለቱ አካፋዮች የመጨረሻ አሃዞች 1 እና 7 ስለሆኑ ብዜቱ በ7 ማለቅ አለበት። የአሃዞቻቸው ድምር 37 እና 64 ሲሆን ሁለቱም ለ9 ሲካፈሉ ቀሪያቸው 1 ነው፤ የብዜቱ አሃዞች ድምር 109 ነውና የእሱም ቀሪ 1 ነው። እነዚህ ፍተሻዎች ስሕተትን ሊያጋልጡ ይችላሉ፤ ሙሉውን እርግጠኝነት የሚሰጠው ግን ብዜቱ ራሱ ነው። ስለዚህ አንባቢ ወረቀትና እርሳስ ይዞ ያባዛው እንጂ እኔን አይመነኝ።