ኳሱን ያቀበለው ማነው?

ባለፈው ሰሞን ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ቡና እየጠጣን፣ የማከብረው ወዳጄ «አንተ ደግሞ በዚህ ዕድሜህ ፋንታሲ ታጫውታለህ አሉ? የቤቲንግ ታናሽ ወንድም አይደል እንዴ!» አለኝ። ሰው መሐል ስለነበርን ስቄ አለፍኩት። ወደ ዱርቤቴ ስመለስ ግን ሚኒባሱ መራዊን አልፎም መልሱ በሆዴ ሲብላላ ነበር። እሱ የተማረ ሰው ነው፤ መጽሔትም ያነባል፤ ስለዚህ እዚሁ ልመልስለት።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ። ፋንታሲ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በኢንተርኔት በነጻ የሚያጫውተው ጨዋታ ነው፤ በፈረንጆቹ 2002 ነው የተጀመረው። 100 ሚሊዮን የሐሳብ ፓውንድ ይሰጥሃል፤ በእሷ 15 ተጫዋች ትገዛለህ፤ ከአንድ ክለብ ከ3 በላይ አይፈቀድም። ከዚያ ልጆቹ ሜዳ ላይ የሠሩት ሁሉ ነጥብ ሆኖ ይመጣልሃል። አጥቂ ሲያገባ 4፣ አማካይ ሲያገባ 5፣ ተከላካይ ካገባ 6። ለጎል ያቀበለ 3 ያገኛል። ቢጫ ያየ አንድ ይቀነስበታል። ካፒቴን ያደረግኸው ደግሞ እጥፍ ነው። በዓለም ዙሪያ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጫወተዋል፤ ጓደኛሞች በመሐላቸው ሚኒ ሊግ ያቋቁማሉ። የእኛን ሚኒ ሊግ የማስተዳድረው እኔ ነኝ።

ማስተዳደር ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። ኮምፒዩተሩ ሁሉን ይቆጥራል። የእኔ ሥራ ኮድ ልኮ ሰው ማስገባትና ሰኞ ጠዋት የተሸነፈውን ማብሸቅ ብቻ ነበር። ከዚያ የ2015 ሐምሌ መጣ።

ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በዚያው ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት ከክልላችን ጠፋ። ሰው የሚሞትበት ወቅት ነበር። «በዚያ ጊዜ ስለ ጨዋታ ታወራለህ?» የሚለኝ ካለ አልከራከረውም፤ እኔም አፍሬ ነበር። የሆነውን ግን ልናገር። የእንግሊዝ ሊግ ነሐሴ 5 ተጀመረ። ቡድናችንን ቀደም ብለን ሞልተን ስለነበር፣ ቡድናችን ያለ እኛ እዚያ ማዶ ይጫወት ጀመር። ከመሐላችን አንዱ ኬቨን ደ ብሩይነን ይዞ ነበር። ደ ብሩይነ በመክፈቻው፣ ከበርንሌይ ጋር፣ ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ተጎድቶ ወጣ፤ የተመለሰው ጥር ላይ ነው። ያ ልጅ እንግዲህ አምስት ወር ሙሉ የተጎዳ ሰው ተሸክሞ ኖረ። አይሸጠው፣ አይቀይረው። «እኔና ኬቪን አብረን ተጎዳን» ይል ነበር። ሌላው ደግሞ ስልክ በሚሠራበት ቀን አዲስ አበባ ላለው የእህቱ ባል ፓስወርዱን ፊደል በፊደል ነግሮ ቡድኑን አስቀየረ። ሰውዬው ለካ የአርሰናል ደጋፊ ነው፤ ሦስት የአርሰናል ልጆች አስገባለት።

ዲሹ ግን አልተዘጋም። ዲኤስቲቪ ቤቱ መብራት ሲኖር በመብራት፣ ሲጠፋ በጀነሬተር ይሠራል። መሽቶ መንቀሳቀስ ሳይከለከል የሚያልቁትን ጨዋታዎች እናይ ነበር። መስከረም ላይ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። አሥራ አንድ ሰው ሆንን። እያንዳንዱ አርብ ማታ የ11 ተጫዋች ስም በወረቀት ጽፎ፣ አጥፎ ይሰጠኛል፤ ቅዳሜ የመጀመሪያው ጨዋታ ሲጀመር ሁሉም ፊት እከፍታለሁ። ከዚያ በኋላ መቀየር የለም። ነጥቡን በእጄ እደምራለሁ። የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ «ለአንተ ምን አላት!» አሉኝ።

ብዙ አላት። ያው እንደምታውቁት ቅዳሜ ብዙ ጨዋታ የሚደረገው በአንድ ሰዓት ነው፤ ቤቱ ያለው ሁለት ቴሌቪዥን ነው። አምስትና ስድስት ጨዋታ በአንዴ ሲሄድ በሁለቱ ያላየነውን ከማታ ቅንጭብጭብ ነው የምናገኘው። ጎል ያገባውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ስሙ ይጻፋል፤ ቤቱ ይጮኻል። ጭቅጭቁ ያለው ያቀበለው ላይ ነው። ጥቅምት ላይ አንዱ መታ፣ በረኛው መለሰው፣ ሌላው ደርሶ አስገባው። የመጀመሪያው መቺ የአቀባይ ነጥብ ይገባዋል ወይስ አይገባውም? በእንግሊዙ የፋንታሲ ደንብ ይገባዋል። ይህን እኔ አውቃለሁ፤ ግን ደንቡን ከፍቼ የማሳይበት ኢንተርኔት የለኝም። «ከየት አመጣኸው? ለእሱ አድልተህ ነው!» ተባልኩ። ከሕፃንነታቸው አብረው ያደጉ ሁለት ሰዎች በሦስት ነጥብ ምክንያት ለሁለት ሳምንት አልተነጋገሩም።

ያኔ ነው ፈረንጆቹ ምን ሲሠሩልን እንደነበር የገባኝ። ኦፕታ የሚባል ድርጅት እያንዳንዷን ኳስ ማን እንደነካት፣ ለማን እንደሰጣት ይመዘግባል፤ ፋንታሲው የቆመው በዚያ መዝገብ ላይ ነው። መዝገቡ ሲጠፋ ጨዋታ ጠፋ፤ የቀረው ትዝታና ጉልበት ያለው ድምፅ ነው። ከፍ አድርጎ የጮኸው ያሸንፋል።

ስለዚህ ደንብ አወጣን። በየቴሌቪዥኑ አንድ አንድ ታዛቢ ቁጭ ይላል፤ ባየው ሰዓት ይጽፋል፤ እኔ የማመሳክረው ከእሱ ጋር ነው። ደብተሩ ቆልፌ የማስቀምጠው ነገር መሆኑ ቀርቶ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ይውላል፤ ማንም ገልጦ ይደምራል። ሦስተኛው ለእኔ መራራ ነበር፦ የሚመዘግብ አይጫወትም። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድን የለኝም። ይህን ከእንግሊዝ አላመጣነውም። ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ እንዳለው፣ ዕጣው ሰው ፊት እንደሚወጣ ማን የማያውቅ አለ? እናቶቻችን መዝገብ ላይ ማንን ማስቀመጥ እንዳለባቸው ከእኛ አብልጠው ያውቃሉ።

አሁን ወደ ቤቲንጉ ልምጣ፤ ወዳጄ የተነሳበት እሱ ነውና። አንድ ስህተት ሠርቻለሁ፤ ልናዘዝ። ኅዳር ላይ አንዱ «ዝም ብለን ከምንለፋ በሰው 200 ብር እናድርገው፣ አንደኛ የወጣው ይብላ» አለ። እኔም እሺ አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት የጻፍኩት 3 እንደ 8 ይመስላል ተባለ። በሦስተኛው፣ የታጠፈው ወረቀት አርብ ማታ ተከፍቶ ታይቷል ተባልኩ። በአራተኛው ሳምንት ብሩን ለየባለቤቱ መለስኩ። ደብተሩ ያው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው፤ ሁሉም ግን ጨዋታ ማየት ትቶ እኔን ያይ ነበር። አሁን የሳምንቱ መጨረሻ የወጣው ሻይ በፓስቲ ይጋብዛል፤ በቃ።

እና ወዳጄ ልክ ነው? አይደለም። ቤቲንግ ቤት ገብተህ አንድ ልጅ ተመልከት። አሥር ጨዋታ ደርድሮ ይቆርጣል፤ ዘጠኙ ይገባለታል፤ አንዷ ታስበላዋለች። ዋጋውን የሚተምነው ቤቱ ነው፤ ሒሳቡን የሚያውቀውም ቤቱ ነው። ልጁ ከዘጠኙ ጨዋታ አንዱን እንኳ አላየም፤ ያየው ስልኩ ላይ የሚቀያየር ቁጥር ነው። ከዚያ ደግሞ ይቆርጣል። የእኛ ልጅ ግን የብራይተን ግራ ተከላካይ ለምን ወደ ፊት እንደሚሄድ ይነግርሃል፤ አቀባዩን ሊቆጥር ቁጭ ብሎ ስላየ። ሁለቱን ወንድማማች የሚያደርጋቸው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነው።

ኢንተርኔቱ ከተመለሰ በኋላ ሌላው ዓለም ይህን ነገር በምን ላይ ያጫውተዋል ብዬ ስፈልግ ያላሰብኩት ነገር ገጠመኝ። በጃፓን ትግል፣ በሱሞ፣ ፋንታሲ የሚያጫውቱ ሰዎች አሉ። ሰዎቹ ጃፓኖች እንኳ አይደሉም፤ አውሮፓና አሜሪካ ተቀምጠው ነው። መጀመሪያ ሳቅሁ። ኋላ ግን ቀናሁ። ሱሞ በዓመት ስድስት ውድድር አለው፤ እያንዳንዱ 15 ቀን ይፈጃል። በላይኛው ምድብ 42 ታጋዮች አሉ፤ እያንዳንዳቸው በቀን አንዴ ይታገላሉ። ከውድድሩ በፊት ባንዙኬ የሚባል የማዕረግ ዝርዝር ይወጣል፤ ዳኞቹ በእጃቸው፣ በብሩሽ ይጽፉታል። አንዱ ሲወድቅ ማን ጣለው ብቻ አይባልም፤ በምን ጣለው ተብሎ ይታወጃል። በደንብ የተሰየመ 82 ዓይነት አጣጣል አለ። እንዲህ ተመዝግቦ ከተቀመጠ፣ ቤቱ የተቀመጠ አንድ ሰው ማንንም ሳያስፈቅድ ጨዋታ ሊሠራበት ይችላል።

መዝገቡ ለጨዋታ ብቻም አልጠቀመ። ከ15 ግጥሚያ 8 ያሸነፈ ማዕረጉ ይጠበቃል ወይ ከፍ ይላል፤ 7 ላይ የቀረ ይወርዳል። ሁለት አሜሪካውያን የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት፣ ማርክ ደገንና ስቲቨን ሌቪት፣ ከ1989 እስከ 2000 (በእነሱ አቆጣጠር) የተደረጉ 32,000 ያህል ግጥሚያዎችን ደመሩ። በመጨረሻው ቀን 7 ለ 7 የሆነ ታጋይ፣ 8 ለ 6 የሆነውን ሲገጥም 80 ከመቶ ገደማ ያሸንፋል፤ መሆን የነበረበት ግን ግማሽ በግማሽ ነው። በ2002 አሳተሙት። የሱሞ ማኅበር በኋላ፣ በ2011፣ የታጋዮች የስልክ መልእክት ተይዞ መሸማመቁ ሲገለጥ የመጋቢቱን ውድድር እስከ መሰረዝ ደረሰ። ልብ በሉ፤ ስልኩ ከመያዙ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ደብተሩ ተናግሮ ነበር።

ወደ ቤታችን። 2013 ዓ.ም.፣ ሊጋችን በሱፐርስፖርት መተላለፍ በጀመረበት ዓመት፣ አቡበከር ናስር ለኢትዮጵያ ቡና 29 ጎል አስቆጥሮ የዮርዳኖስ ዓባይን የቆየ ሪከርድ ሰበረ። ይህን ዱርቤቴ ያለ ሊስትሮም ይነግራችኋል። 29ኙን ያቀበሉት እነማን ናቸው? ዲኤስቲቪ ቤቱ ውስጥ ጠየቅሁ፤ አንዱ ሁለት ስም ጠራ፣ ሌላው «ኧረ እሱ ያን ዓመት አልነበረም» አለው፤ ሆነ ጭቅጭቅ። ባሕር ዳር ከነማ 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቀጥሎ ሁለተኛ ሲወጣ እኛ ሰፈር በዓል ነበር፤ ያን ዓመት ተከላካዮቹ በስንት ጨዋታ ጎል ሳይገባባቸው እንደወጡ ማን ደመረ?

እኔ ልደምር ሞከርኩ። በደብተሩ ጀርባ የራሳችንን ሊግ ፋንታሲ ጀመርኩ። ጎል አግቢዎቹንና አሰላለፉን ባብዛኛው ያገኘሁት ከሶከር ኢትዮጵያ ነው፤ እነዚያ ልጆች ባይኖሩ ባዶ እጄን ነበርኩ። አቀባዩ ግን አንዴ ይገኛል፣ አንዴ አይገኝም። የተቀየረው በስንተኛው ደቂቃ እንደገባ ሁለት ቦታ ሁለት ዓይነት ተጽፎ አገኛለሁ። በአራተኛው ሳምንት የእኔ ሠንጠረዥ ግማሹ የጥያቄ ምልክት ሆነ። «የሚመለከተው አካል» ሊሠራው ይገባል እንበል፣ እሺ። እኛስ? ስለ አሰልጣኝ መባረር ሦስት ሰዓት በሬዲዮ የሚያወራ ሞልቶ፣ አንድ ግጥሚያ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እስክሪብቶ ይዞ የሚያይ ጠፋ ማለት ምንድነው? ጎል አግቢውን በትከሻችን እንሸከማለን፤ ያቀበለውን በሦስተኛው ቀን ረስተነዋል።

ትግሉማ አይነሳ። አቸፈር ላይ እረኛ ሆኖ ያልታገለ ወንድ የለም፤ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽኑም ትግልን ከገናና ከገበጣ ጋር በየዓመቱ ያወዳድራል። እኔ ልጅ ሆኜ፣ ጥምቀት ላይ፣ አንድ ቀጭን ልጅ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ሲጥል አይቻለሁ። በእግሩ ጠልፎ ነው የጣለው። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ «የለም፣ ወገቡን ይዞ አንስቶ ነው» ይላል። ሠላሳ ዓመት ሆነን፤ እስካሁን አልተስማማንም። ልጁ ማን ይባል እንደነበር ግን ሁለታችንም አናውቅም።

አንድ መልስ ቀርቶኛል። «ሀገር እንዲህ ሆና ስለ ኳስ መዝገብ!» ይሉኛል፤ ደግሞ የሚሉኝ ጥሩ ሰዎች ናቸው። ያን ክረምት ዱርቤቴ የነበረ ሰው ምን እንደጎደለን ይነግራችኋል። ምን እንደሆነ፣ የት፣ ስንት ሰው፤ እያንዳንዱ የየራሱን ይዞ ይመጣ ነበር፤ የሚያመሳክር አልነበረም። አሥራ አንድ ሰው ባየው ነገር ላይ በሁለት ታዛቢ ተማምኖ፣ ጽፎ፣ ደብተሩን ለሁሉ ክፍት ማድረግ ሲለምድ አይቻለሁ። መጀመሪያ ተሰዳድበው ነው የለመዱት። የተለማመዱበት ነገር የብራይተንና የፉልሃም ጨዋታ መሆኑ ካሳቃችሁ ሳቁ።

ደብተሩ አሁን ሦስተኛው ነው። ኢንተርኔቱ ቢመለስም አልተውነውም፤ ሰው በስልኩ የዓለሙን፣ በደብተሩ የዱርቤቴን ይጫወታል። ከነማ ሲጫወት ደግሞ አንድ ልጅ መድቤ አቀባዩን፣ ደቂቃውን፣ ግብ ጠባቂው ያዳነውን እያስጻፍኩ ነው፤ ስድስት ጨዋታ ሞልቶልኛል። የባሕር ዳሩ ወዳጄ ሆይ፣ ለሁለተኛው ቴሌቪዥን ታዛቢ ጎድሎብኛል። ቅዳሜ ና፤ እስክሪብቶ ግን ይዘህ ና፤ እዚህ ያሉት ሁሉ ቀለማቸው አልቋል።