ስለ እግር ደም ሥር ማበጥ



በየመሥሪያ ቤቱ ቆሞ ወይም ተቀምጦ የሚውል ሰው ባቱ ላይ ደም ሥር ተጠማዞ ሲያብጥ «ድካም ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ አንዳንዱም ያስበጣዋል። መብጣት ግን ደም ከማፍሰስ በቀር ፈውስ የለውም፤ ጉድለቱ ደም ወደ ታች እንዳይመለስ በሥሩ ውስጥ የሚዘጉት ክዳኖች መላላታቸው ነውና። ጠበቅ ያለው የሕክምና ካልሲ እብጠቱን ይቀንሳል፤ ሲወልቅ ግን ሕመሙ ይመለሳል (የእግሩ ደም ቅዳ ለጠበበበት ሰውማ ካልሲው ራሱ ሊጎዳው ይችላል)። ዛሬ የተበላሸውን ሥር በሙቀት ወይም በመርፌ በሚገባ አረፋ መዝጋት ይቻላል፤ የእንግሊዝ አገር የሕክምና መመሪያ በ2005 ዓ.ም. ቀዶ ጥገናን ከእነዚህ በኋላ አስቀምጦታል። ቁርጭምጭሚት አጠገብ ቆዳው ከጠቆረ ሳይቆስል ለሐኪም ማሳየት ይገባል፤ ከቆሰለ ለመዳን ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤት አለቆች ለዚህ ሕክምና ፈቃድ የሚጠይቃቸውን ሠራተኛ ለመልኩ እንደሚጨነቅ ሰው ባይቆጥሩት እወዳለሁ።

ከአንድ መምህር